ሐዋሳ፦ 150 ብስክሌት፣ ከግማሽ በላይ ልጆች። የካርኒቫል ሰልፉን መስመር፣ ጌጥና መስቀለኛ መንገድ እንዴት እናድርገው?

ሐይቅ ዳር (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። የሰፈር ወላጆችና መምህራን ተሰባስበን በጥር ወር ያጌጡ ብስክሌቶች ሰልፍ ልናደርግ ነው። ዓላማው ልጆች ትምህርት ቤት በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ለብስክሌተኛ የተለየ ቦታ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። የሚመጣው ሰው ወደ 150 ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ከ12 ዓመት በታች ናቸው።

እስካሁን ያሰብነው ይህ ነው፦ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ገብርኤል አደባባይ ተሰብስበን በዋናው መንገድ ወደ ፍቅር ሐይቅ መውረድ። ከፊት አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሞተር ይኖራል። ለጌጥ ፊኛ፣ ክሬፕ ወረቀት፣ የኮባ ቅጠል፤ መነሻው ላይ ደግሞ ቄጠማ ጎዝጉዘን ልናስጀምር። እባካችሁ ቀዳዳውን አሁን ንገሩን፤ በዕለቱ ከሚገለጥብን ይሻላል።

መስቀለኛ

ከሰዓቱ ልጀምር። እሑድ 3 ሰዓት ከቅዳሴ የሚወጣውና ወደ ቸርች የሚገባው ሰው የሚገናኝበት ሰዓት ነው። ገብርኤል አካባቢ ባጃጅና ሚኒባስ የሚደራረበው ያኔ ነው። ወይ 1፡15 ላይ ተነስታችሁ ከ2፡15 በፊት ጨርሱ፣ ወይ ቅዳሜ አድርጉት። ቀን ስትመርጡም ከጥር 10 እስከ 12 ከተራና ጥምቀት ነውና ወዲያ በሉ። ወደ ታኅሣሥ ልሳበው የሚል ካለ ደግሞ ታኅሣሥ 19ን ይርሳ፤ በዚያ ሳምንት ከመላው አገር የሚመጣው ምዕመን ከተማዋን ይሞላታል።

የጠዋት መስመራችሁ ሌላ ነገርም አለው። ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፣ ለእናንተ ምቹ። ከሐይቁ በኩል ወደ ላይ የሚመጣው ሾፌር ግን ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ የሚያየው ጥላችሁን ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊት የሚሄዱት አራት ሰዎች አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበሱ። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ይሁን፤ ነጭ በዚያ ብርሃን ይጠፋል።

አደባባዩ ራሱ መነሻ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ስሌቱን እዩት። አንድ ብስክሌት 1.8 ሜትር ገደማ ነው፤ ከኋላው ቢያንስ 2 ሜትር ክፍተት ሲጨመር በአንድ ረድፍ ወደ 4 ሜትር ይመጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሰለፉ 75 ረድፍ ነው፤ 300 ሜትር ጅራት ማለት ነው። ይህን አደባባይ ላይ ስታቆሙ አራቱንም አቅጣጫ ዘጋችሁ። በጎን ካለ ትምህርት ቤት ግቢ ወይም ጭር ካለ የኮብልስቶን መንገድ ላይ ተሰልፋችሁ፣ ተሰልፋችሁ እንዳላችሁ ወደ አስፋልቱ ውጡ።

ካቴና

መስቀለኛ ያለው 300 ሜትር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲሄድ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ 135 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቆረጥ። ከዚህ ቀስ ካላችሁ ደግሞ ትንንሾቹ መሪያቸው መወላወል ይጀምራል። ብስክሌት ሲዘገይ ነው የሚወድቀው፤ ከ6 ኪሎ ሜትር በታች ልጅ ቀጥ ብሎ መንዳት ይከብደዋል። ከ8 እስከ 10 መካከል ያዙ።

የፖሊስ ሞተሩ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ሞተር በ8 ኪሎ ሜትር ረጅም መንገድ መሄድ አይወድም፤ ፍሪሲዮን እየነካካ ይሄድና ሳያውቀው 15 ይገባል። ፊተኞቹ ይከተሉታል፣ መሀሉ ይሳሳል፣ ባጃጅ ክፍተቱን አይቶ ይገባል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ሞተሩ አይሁን። ከሞተሩ ኋላ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ፣ ከሱ ቀጥሎ በሰልፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንሿ ልጅ ከወላጇ ጋር ትሁን። «እሷን ማንም አይቀድምም» የሚለው ሕግ ለ150 ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ሌላ የፍጥነት ትእዛዝ አያስፈልግም።

ሐይቅ ዳር

ይህ በጣም ጠቅሞናል። ሦስት ምድብ እያደረግን፣ 50 50 ሆነን በመካከል መኪና እያሳለፍን ብንሄድስ? ሾፌሮችም አይማረሩም።

መስቀለኛ

50 ሰው 25 ረድፍ ነው፤ 100 ሜትር፤ በ45 ሰከንድ ያልፋል። በወረቀት ያምራል። ልጆች ባሉበት ግን አልመክርም። በመካከል ያሳለፋችሁት ሲኖትራክና ሚኒባስ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምድብ በጎን ለመቅደም ይሞክራል፤ መስቀለኛ መንገዱም ሦስት ጊዜ ይዘጋል ሦስት ጊዜ ይከፈታል። ስህተት የሚፈጠረው ደግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። አዋቂ ብቻ የሆነ ሰልፍ ቢሆን ምድብ ይሻል ነበር። የእናንተ አንድ ላይ ይሂድ።

መስቀለኛውን ስለመያዝ፦ እ.ኤ.አ. በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው የወር መጨረሻ ዓርብ የብስክሌት ጉዞ የተከለው ልማድ አለ፤ ጥቂት ብስክሌተኞች ወደ ጎን መንገዱ ፊታቸውን አዙረው ይቆሙና ሰልፉ እስኪያልፍ ይይዙታል። እነሱ ጋ ግን ያዦቹ ካለፈ በኋላ ሰልፉን በጎን ቀድመው ወደ ፊት ይመለሳሉ። ባጌጠ ብስክሌትና በልጅ መሀል ቀድሞ መሮጥ አደጋ ነው። ለያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ቋሚ ሰው መድቡ፤ ሰልፉ ካለፈ በኋላ ሥራቸው አለቀ፣ ከኋላ ይከተሉ። መስመራችሁ ላይ 9 መጋጠሚያ ካለ 18 ሰው ነው። የግቢ በርና የነዳጅ ማደያ መውጫንም ቁጠሩ፤ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።

ያዡ ብስክሌቱን በአግድም ከፊቱ ያቁም፣ እጁን ያንሳ፣ ከሾፌሩ ጋር ዓይን ለዓይን ይተያይ፤ አይጨቃጨቅ። «ሁለት ደቂቃ ነው፣ ልጆች እያለፉ ነው» ይበል። አምቡላንስ ከመጣ ግን ሰልፉ ይቆማል፤ ያለ ውይይት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በሦስት ቀን ቀድማችሁ ለባጃጅ ማኅበራቱ ተናገሩ። መስመርና ሰዓት የተጻፈበት አንድ ገጽ ለየተራ አስከባሪው ስጡት። ከነሱ ውስጥ ፈቃደኛ ሾፌሮችን በመስቀለኛ ያዥነት ብትመድቡ ባጃጅ ባጃጅን ይሰማል።

ፔዳል

ወደ ጌጡ እንምጣ፤ ሰው የሚወድቀው ከመኪና ይልቅ በጌጥ ነውና።

ቄጠማውን ተዉት። አስፋልት ላይ የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጠማ ለእግረኛ በረከት ነው፤ ለሁለት ጎማ ግን ሳሙና ነው። 150 ብስክሌት በላዩ ሲያልፍ ይደቅቅና ውሃው ይወጣል፤ ሃምሳኛው ልጅ ሲደርስ የሚያንሸራትት አረንጓዴ ንጣፍ ሆኗል። ከፈለጋችሁ መድረሻው ላይ፣ ብስክሌት ካቆማችሁ በኋላ ጎዝጉዙት።

ኮባ ቆንጆ ሐሳብ ነው፤ በሲዳማ ምድር ከሱ የተሻለ ጌጥ ከየት ይመጣል። ግን ጠዋት ይቆረጥ፤ ፀሐይ ላይ ጠውልጎ ይንጠለጠላል፣ የተንጠለጠለው ደግሞ ቸርኬ ውስጥ ይገባል። ወፍራሙን የመሀል ጅማት ቆርጣችሁ አውጡ፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው። ቅጠሉን በፓራፋንጎ ላይና በፍሬሙ መሀል ብቻ እሰሩ። ወደ ፊት ጎማ አይጠጋ።

ክሬፕ ወረቀት ለቸርኬ፦ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከመሀሉ ጀምራችሁ በቸርኬው ሽቦዎች መካከል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረጋችሁ እንደ ስፌት ሥሩት፤ ጫፉን በፕላስተር በራሱ ላይ ለጥፉ። ከጠርዙ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ራቁ፤ የፍሬን ጎማው የሚነክሰው እዚያ ነው። ወረቀት የገባበት ፍሬን አይይዝም፤ ልጁ ይህን የሚያውቀው ማቆም ሲፈልግ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ አሽከርክሩት። «ሽርር» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሆነ ቦታ ነክቷል፤ ፈልጉት። ከዋዜማው አስሩ እንጂ ሌሊት ውጭ አታሳድሩት፤ ጤዛ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ነጭ ልብስ ላይ ያረፈ እንደሆነ አይለቅም።

ሪባንና ክር በቀኝ በኩል አይሁን፤ ካቴናው በቀኝ ነው። ከመሪው የሚንጠለጠል ነገር ቢበዛ 15 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። መሪውን ጨርሳችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩት፤ አንዱ እንኳ ከተወጠረ ወይም የፍሬን ሽቦውን ከጎተተ ይፈታ። የሴቶች ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ በጣም ያምራል፤ ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፣ ቀሚሱ በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ከጉልበት በላይ ይያዝ፤ ወይም የኋላ ጎማው በሁለቱም ጎን በካርቶን ይሸፈን።

ፊኛ ከተፈለገ ከኋላ ሁለት ይበቃል። በሙቀት ይፈነዳል፤ ድምፁ አጠገቡ ያለውን ልጅ መሪ ያስጥላል። ባንዲራ ለልጆች ብስክሌት ግዴታ ነው እላለሁ፤ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከመሬት 1.5 ሜትር የሚደርስ ቀጭን ሸምበቆ ከኋላ በሁለት ቦታ ይታሰር፣ ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ። ፒካፕ የሚነዳ ሰው ከኮፈኑ ፊት ያለን የ6 ዓመት ልጅ አያይም፤ ጨርቁን ያያል።

ካቴና

ፔዳል ስለ ፍሬን ያነሳኸው ትክክል ነው። ምርመራውን ለዕለቱ ጠዋት አትተዉት። ለአንድ ብስክሌት 3 ደቂቃ ብትሉ 150ው 450 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰው ቢሠራ አንድ ሰዓት ተኩል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ያለፈው መሪው ላይ ባለ ቀለም ክር ይታሰርለት፣ ክር የሌለው እሑድ አይሰለፍም።

የሚታየው እንዲህ ነው። የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት፤ የኋላ ጎማው ከመሬት ሊነሳ ይገባል። የኋላውን ይዞ ሲገፋ ጎማው ሳይዞር መንሸራተት አለበት። የፍሬን እጀታው ተጨምቆም ከመሪው ጋር ከተነካካ ሽቦው ይወጠር። ካቴናው መሀል ላይ በጣት ሲነሳ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይጫወት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ጉብታ ላይ ይወልቃል። የሁለቱም ጎማ ዳዶ በ15 ቁጥር ቁልፍ ይፈተሽ። የፊቱ ብዙ ጊዜ ልል ነው፤ ጎማ የቀየረ ልጅ በእጁ ብቻ አጥብቆ ይሄዳል። ንፋሱ ባለ 26 ኢንች ጎማ ላለው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይሁን፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግን አትለፉ።

ከኋላ ለሚከተለው ፒካፕ፦ የውስጥ ጎማ ባለ 26 ኢንች ስምንት፣ ባለ 20 አምስት፣ ባለ 16 ሦስት፣ ለትልልቆቹ የድሮ ብስክሌቶች ባለ 28 ሦስት። መጣፊያ 40፣ ማስቲሽ ሦስት፣ ሁለት ፓምፕ፣ ከ4 እስከ 6 ብሩጎላ፣ 10፣ 13፣ 14 እና 15 ቁልፍ፣ የካቴና መፍቻ፣ 100 የፕላስቲክ ማሰሪያና መቀስ። መቀሱ ከሁሉ በላይ ይፈለጋል፤ ቸርኬ ውስጥ የገባን ሪባን በእጅ ማውጣት አይቻልም።

አንድ የማይታይ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ ባለ 28 ብስክሌቶች ቫልቮላቸው እንደ መኪናው አይደለም፤ ውስጡ ትንሽ የጎማ ቱቦ አለች፣ አየሩን የምትይዘው እሷ ናት። ብስክሌቱ ሳይነዳ ብዙ ጊዜ ከቆመ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ሰው ጎማው ተበስቷል ብሎ ውሃ ውስጥ ሲነክር ቀዳዳ ያጣል። ቱቦዋን መቀየር ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ገዝታችሁ በ3 ሳንቲ ሜትር ቆራርጡት። መንገድ ላይ ጎማ መጣፍ ደግሞ አትጀምሩ፤ የውስጡን ቀይሩ ወይም ፒካፑ ላይ ጫኑ። ሰልፍ ለአንድ ጎማ አይቆምም።

ጥላ ፈላጊ

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰልፉ ካለፈ በማግስቱ ሰኞ ባጃጁ እዚያው ቦታ ይቆማል፣ ሚኒባሱ እዚያው ይጭናል። ልጆቹን ለአንድ ሰዓት ደስ ብናሰኛቸው መንገዱ ምን ተቀየረ?

አስፋልት 26

ጥያቄህ የሰልፉ ዋና ጉዳይ ነው። ካርኒቫል ብቻውን መንገድ አይቀይርም። የቀየረባቸው ቦታዎች ላይ ግን ሁለት ነገር አብሮት ነበር፤ መደጋገምና የተለየ ጥያቄ።

ቦጎታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 ለብስክሌት ብላ መንገድ ዘጋች፤ ዛሬ እሑድ እሑድና በበዓላት ከጠዋቱ 1 እስከ 8 ሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለሰውና ለብስክሌት ይለቀቃል። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከነዚህ ከ400 በላይ ልጆች ነበሩ። «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው የወጡት ወላጆች በብስክሌት ተሰለፉ፣ መንገድ ዘግተው ልጆቻቸውን አጫወቱ፤ ዛሬ የምናደንቀው የሆላንድ የብስክሌት መንገድ ከዚያ ጩኸት በኋላ የመጣ ነው። እኛም ጋ መንገዱ ለመኪና የሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሲጀመር ሰው አስፋልት መሀል ቆሞ ከተማውን በሌላ ዓይን አየው። ሐዋሳ ደግሞ ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ድሮም አላት። የጎደላት ቦታው ነው።

ስለዚህ ሰልፉን ማስረጃ ያዥ አድርጉት። ከሰልፉ በፊት ባለው ሳምንት፣ በትምህርት ቀን፣ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30 ድረስ በትምህርት ቤቱ በር ብስክሌተኛ ቁጠሩ፤ በየ15 ደቂቃው ለይታችሁ ጻፉ፣ ከነሱ ስንቱ ልጅ እንደሆነም። ፍጥነት ለመለካት ራዳር አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለት የኖራ ምልክት አድርጉ፤ መኪናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲደርስ በስልክ ሰከንድ ያዙ። 6 ሰከንድ ከሆነ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50። መቶ መኪና ለኩና ስንቱ ከ3.6 በታች እንደገባ ጻፉ።

ይህ ቁጥር ለምን ይጠቅማል? በ30 የሚሄድ መኪና ሾፌሩ እስኪነቃና እስኪቆም በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ በ50 የሚሄደው ወደ 28 ሜትር ይፈልጋል። 15 ሜትር ላይ ልጅ ብትገባበት የመጀመሪያው ቆሟል፤ ሁለተኛው ፍሬን ገና መያዙ ነው። ይህን በቃል አትናገሩት። መድረሻው ላይ አስፋልቱ ላይ በኖራ 13 እና 28 ሜትር አስምሩና ሰዎች በእግራቸው ይራመዱት።

አስፋልት 26

ረስቼው፦ የሙከራ መስመርም ሥሩ። 100 ሜትር ብቻ፣ በትምህርት ቤቱ በር፣ ለዚያች ቀን፣ በማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ከመኪናው በኩል ግማሽ ሜትር ክፍተት። በየ5 ሜትሩ ኮን ካቆማችሁ 21 ኮን ይበቃል። ኮን ካጣችሁ አሮጌ ጎማ ነጭ ቀብታችሁ አስቀምጡ፤ አይከብድም፣ ሲገጩትም አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ባጃጅ ስፋቱ 1.3 ሜትር ነው። 1.5 ሜትር መስመር ክፍት ከተዋችሁ የባጃጅ ማቋረጫ ሠራችሁ ማለት ነው። መግቢያውና መውጫው ላይ በአንዱ ጎን ጎማ አቁማችሁ ክፍተቱን ወደ 1.1 ሜትር አጥብቡት። የብስክሌት መሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.7 ሜትር አይበልጥም፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ያልፋል፤ ባጃጅ ግን ይቀራል።

ጥላ ፈላጊ

አሁን ገባኝ። የ1.3ቷ ቁጥር ብቻዋን ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ትበቃለች።

መስቀለኛ

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ ሦስት ጥያቄ ብቻ። ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ በር ግራና ቀኝ 30 ሜትር ተሽከርካሪ እንዳይቆም፣ ያች 100 ሜትር መስመር በቋሚነት እንድትለይ፣ በዜብራው ላይ ጉብታ እንዲሠራ። ሃያ ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ መሳቢያ ይገባል። ቁጥራችሁን አያይዙ፣ ተቀባዩ በቀን ይፈርምላችሁ፣ በ30ኛው ቀን ተመለሱ።

መስመሩን ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት በብስክሌት ሄዳችሁ እዩት፤ በመኪና አይደለም። የውሃ መውረጃ ፍርግርግ ብረቱ ከጉዞው ጋር ትይዩ ከሆነ የልጅ ጎማ ይውጣል። ክዳን ያጣ ጉድጓድ፣ ከኮብልስቶኑ ወደ አስፋልት የወጣ ጠጠር፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦ ካለ በደማቅ ቀለም ክበቡትና አንድ ሰው ይቁምበት።

ነጭ ጋውን

አጭር። ውሃ ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ብትሉ 75 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትር አራት ጀሪካን ይበቃል። መጠጫ ከየቤቱ ይምጣ። መሀል መንገድ ላይ አታድሉ፤ ልጅ በአንድ እጅ መሪ በአንድ እጅ ኩባያ ይይዛል። የሚበዛው ቁስል የጉልበትና የመዳፍ መላላጥ ነው፤ ብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ጎዝና ፕላስተር። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ብስክሌት ላይ አይመለስ፤ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወደ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ቁጥሯ በየመስቀለኛ ያዡ ካርድ ላይ ትጻፍ። ሄልሜት ያለው ልጅ ማሰሪያው አገጩ ሥር ሁለት ጣት ያስገባ፣ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ይቅር። ወደ ኋላ የተገፋ ሄልሜት ግንባርን አያድንም።

ሐይቅ ዳር

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ዕቅዱን ከላይ እስከ ታች ቀየርነው። እሑድ 1፡15፣ መነሻ ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ቄጠማው መድረሻ ላይ፣ ምርመራ ቅዳሜ። መጋጠሚያዎቹን በብስክሌት ሄደን ስንቆጥር ከግቢ በርና ከማደያው ጋር 13 ሆኑ፤ 26 ሰው ያስፈልገናል፣ 19 አለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ወላጅ ከልጁ ጋር ሲነዳ የት ጎን ይሁን? ሙዚቃስ?

ፔዳል

ወላጅ በግራ፣ ከልጁ ግማሽ ብስክሌት ወደ ኋላ። በቀኝ ስለምንነዳ መኪናው የሚመጣው በግራ ነው፤ ወላጁ ግድግዳ ይሆናል፣ ልጁንም ያያል። ከፊቱ ከሆነ አያየውም።

ድምፅ ማጉያው መሀል ይሁን። ከኋላ መጫኛው ላይ ከታሰረ መጫኛው ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ እዩ፤ ብዙዎቹ 25 ኪሎ ነው። ሁለት ቦታ ይታሰር፤ ጉብታ ላይ ዘሎ የሚወርደው በአንድ የታሰረው ነው። መስቀለኛ መንገድ ሲቃረብ ዘፈኑ ይዘጋ፤ ፊሽካው መሰማት አለበት። አንድ ጊዜ ቀስ፣ ሁለት ጊዜ ቁም። ሦስተኛ ምልክት አትጨምሩ፤ ልጅ ሁለት ነው የሚይዘው።

ካቴና

ለጎደሉት 7 ሰዎች፦ የባጃጅ ማኅበሩን ዛሬ ማታ አናግሩ።